የሊዮን ምሳ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ብሬስ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ አዲስ አበባ

የእህቴ ልጅ ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል መሥራት ከጀመረች ወዲህ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ መጥተው ካላዩኝ» እያለች ስትወተውተኝ ቆይታለች። ያዘገየኝ ቪዛ ብቻ አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ የምናስተዳድራት ምግብ ቤት የአንድ ሰው ጉድለት የምትችል አይደለችም፤ በዚያ ላይ ልጅቱ ከሁሉ አስቀድማ ያሰበችው በከተማው ካሉት ስመ ጥር ምግብ ቤቶች በአንዱ ልትጋብዘኝ ስለነበር በጾም ወራት መሄዱ ትርጉም አልነበረውም። በመጨረሻ የመረጥነው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ የ2017 ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ስለዋለ፣ ግንቦት ከዳር እስከ ዳር ለጋባዥም ለተጋባዥም የተመቸ ወር ሆነ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም መንገዱ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ በረራው ሐሙስ ሌሊት ሆኖ ሳለ ረቡዕ ማለዳ ከእህቴ ጋር ተነሣን። ጫጫን አልፈን ሸኖ ስንደርስ እህቴ ሾፌሩን አስቆመችው። ልጇ ቅቤ ትወዳለች፤ ቅቤ ደግሞ የሸኖ ካልሆነ እህቴ ከቅቤ አትቆጥረውም። መንገድ ዳር ከተደረደሩት ሴቶች አንዷ የኮባውን ቅጠል ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። እህቴ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ በእጇ ጀርባ ላይ አሸችው፤ አሸተተችው፤ ቀጥላም ወደ ምላሷ አደረሰችውና ለጋ መሆኑን አረጋገጠች። በኪሎ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ተከራክራ ሦስት ኪሎ ገዛች። «የዚህ አካባቢ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብላት «ሸኖ ላይ ቆመን እየገዛን ከየት ሊሆን ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ግን ከየትም የመጣ ቅቤ «የሸኖ» ተብሎ እንደሚሸጥ፣ አንዳንዱም ባዕድ ነገር እንደሚቀላቀልበት ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያው ምሽት ዘመድ ቤት በኮረሪማ፣ በአብሽ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ተነጥሮ፣ በፕላስቲክ ጣሳ ተደርጎ፣ ክዳኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ ሻንጣዬ ውስጥ ገባ።

ግንቦት 8፤ ፓሪስና ሊዮን

ከቦሌ ሌሊት ተነሥተን ማለዳ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ፓስፖርት ላይ የተጠየቅሁት ጥቂት ነው፤ ጉዳዩ የመጣው ከሻንጣው በኋላ ነው። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ሻንጣዬን በራጅ ካሳለፈች በኋላ እንድከፍተው በእጇ አመለከተችኝ። የደብረ ሲናን ቆሎ አየችና መለሰችው፤ ሽሮውንና በርበሬውንም እንዲሁ። ጣሳው ላይ ስትደርስ ፕላስተሩን ፈታ ክዳኑን ከፈተች፤ ኮረሪማው አዳራሹን ሞላው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳየችኝ፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆኑ አገሮች የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ያወጡት ሕግ ስለሆነ የሚያከራክር ነገር የለውም። ሆኖም ጣሳው ወደ ማስወገጃው ሣጥን ሲገባ ማየት ያማል፤ ለእህቴም እስክመለስ ድረስ አልነገርኳትም።

ከዚያው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር የሚነሣ ፈጣን ባቡር አለ። ቴዤቬ ይሉታል፤ ፓሪስንና ሊዮንን ማገናኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ልጅቱ አስቀድማ በ45 ዩሮ ስለገዛችልኝ ወንበሬን ፈልጌ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ ፓር ዲዩ በሚባለው ጣቢያ ስወርድ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ አላፊ አግዳሚው ዞር ዞር እያለ አየን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ እናቷ ጤና፣ ሁለተኛው ስለ ቅቤው ነበር።

ግንቦት 9፤ የሊዮን ገበያ

ሊዮን በሮንና በሶን ወንዞች መካከልና ዳር የተሠራች ከተማ ናት። በግንቦት ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለማትጠልቅ ከደብረ ብርሃን ይዤው የሄድኩት ሹራብ ከሻንጣ አልወጣም። ልጅቱ ቅዳሜ ዕረፍት ስለነበረች በቀጥታ የወሰደችኝ ጣሪያ ወዳለው የምግብ ገበያ ነው። ገበያው የተሰየመው በሼፍ ፖል ቦኩዝ ስም ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሞት ድረስ የከተማዋ አውራ ሰው ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው ምግብ ቤቱም ከ1965 እስከ 2020 ሳያቋርጥ ሦስት ኮከብ ይዞ ቆይቷል።

ስለ ኮከቡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መኪና በጣም ጥቂት በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1900 የጎማ አምራቾቹ የሚሽላን ወንድማማቾች አሽከርካሪው ብዙ እንዲጓዝ፣ ጎማውም ቶሎ እንዲያልቅ፣ በየመንገዱ ያለውን ማደሪያና መመገቢያ የሚጠቁም መጽሐፍ አሳተሙ። ኮከብ መስጠት የጀመሩት በ1926 ነው። አንድ ኮከብ ቤቱ እጅግ ጥሩ መሆኑን፣ ሁለት ኮከብ ለእሱ ሲባል ከመንገድ መውጣት እንደሚገባ፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ቢጀመር እንደማያስቆጭ ያመለክታል። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ብልኃት አላውቅም፤ ጎማ ሻጭ የወጥ ዳኛ ሆኖ አንድ መቶ ዓመት መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ የተያዘልን ቤት አንድ ኮከብ ያለው ነበር።

ገበያው ውስጥ እግሬን የያዘኝ የዶሮ መሸጫው ነው። ከበረዶ ላይ የተጋደሙት ዶሮዎች ጭንቅላታቸውና እግራቸው አልተቆረጠም፤ አንገታቸው ላይም ነጭ ላባቸው እንደ አንገትጌ ተትቶላቸዋል። ኩክኒያቸው ቀይ፣ እግራቸው ሰማያዊ ነው፤ ከላባው ጋር ሲታይ የፈረንሳይ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም መሆኑ ነው። እነዚህ ብሬስ ከሚባለው ከሊዮን ብዙ ከማይርቅ አካባቢ የመጡ ዶሮዎች ናቸው። በግራ እግራቸው ላይ ቀለበት አለ፤ በቀለበቱም ላይ ያረባው ገበሬ ስምና አድራሻ ተጽፏል። ዋጋውን አይቼ ወደ ብር መለስኩት፤ በዚያ ሰሞን አንድ ዩሮ 150 ብር አካባቢ ስለነበር የአንዱ ዶሮ ዋጋ ከስድስት ሺህ ብር በላይ ሆነ። አጠገቡ ያለ ቀለበት የሌለው ዶሮ ሢሶውን እንኳ አያወጣም። ሻጩ እያየሁ መቆሜን ሲያይ አንዱን አነሣና ቀለበቱን ወደ እኔ አዞረልኝ፤ ሥጋውን አላሳየኝም፣ ስሙን ነው ያሳየኝ።

ግንቦት 12፤ ከታላቁ ምሳ በፊት

ከመካከሉ ያሉት ቀናት በቤተ ክርስቲያንና በከተማ ማየት አለፉ። ማክሰኞ ማታ ቡሾን ወደሚባል የሊዮን የቤት ምግብ ወደሚሸጥበት ቤት ሄድን። ቡሾን ጠባብ ነው፤ ቀይና ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይበላል። ሦስት ዓይነት ምግብ በ26 ዩሮ ያቀርባሉ። ለእኛ ችግሩ ከሜኑው አብዛኛው የአሳማ ሥጋ ወይም አሳማ የገባበት መሆኑ ነው፤ ሰላጣው ላይ እንኳ ይበተናል። ልጅቱ ግን ቤቱን ታውቀዋለችና ለእኔ ያዘዘችልኝ የበሬ ጨጓራ ነበር። ጨጓራውን ቀቅለው፣ በነጭ ወይን ዘፍዝፈው፣ በዳቦ ዱቄት ለውሰው ይጠብሱታል። ከዱለት ውጭ ጨጓራን በዚህ መልክ አይቼው አላውቅም፤ ከላይ ይንኮሻኮሻል፣ ከውስጥ ይለሰልሳል፣ ሽታው ግን ያው የምናውቀው ነው። የመጨረሻው ከነጭ ሽንኩርትና ከቅጠላ ቅጠል ጋር የተመታ ለስላሳ አይብ ነበር። ያለ ምንም መላመድ የበላሁት ምግብ ይኸው ነው፤ ጎመን ብቻ ጎደለው።

በዚያው ምሽት ወደ ቤት ስንሄድ በሮያል መንገድ በኩል አዞረችኝና የእመት ብራዚየን ቤት ከውጭ አሳየችኝ። ኡዤኒ ብራዚየ እ.ኤ.አ. በ1895 በብሬስ አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ተወለደች። በአሥር ዓመቷ እናቷ ስትሞትባት በሰው እርሻ ተቀጥራ ከብትና አሳማ ስትጠብቅ አደገች። ከዚያም ሊዮን ገብታ ምግብ ማብሰል ተማረች፤ በ1921 የራሷን ቤት ከፈተች። በ1933 በከተማው ያለው ቤቷና በተራራው ላይ የከፈተችው ሁለተኛው ቤት እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኮከብ አገኙ። ስድስት ኮከብ በአንድ ጊዜ የያዘ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ቦኩዝም በወጣትነቱ ከእሷ ዘንድ ተቀጥሮ ሠርቷል። ስሟን ያስጠራት ምግብ የብሬስ ዶሮ ነበር፤ ከቆዳው ሥር ጥቁር ትረፍል የሚባለውን የመሬት ውስጥ እንጉዳይ በስሱ ቆራርጣ ትከተው ነበር። እረኛ ሆና ያደገችበት አካባቢ ዶሮ ነው እንግዲህ ለኮከብ ያበቃት። ይህን ሳስብ በመንዝና በተጉለት በየጓዳው ስንት ሙያ እንዳለ፣ የማናቸውም ስም መንገድ ላይ ተጽፎ እንደማይታይ ታሰበኝ፤ ቁጭትም ቅናትም ነው።

ግንቦት 14፤ ምሳው

ቦታው የተያዘው ከሳምንታት በፊት ነው። ሲያዝ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠየቃል፤ ሳይሰርዝ የቀረ ሰው በነፍስ ወከፍ ይቀጣል። የማይበሉት ነገር ካለ ይነገር ተብሎ ስለተጠየቀ ልጅቱ አሳማ፣ ሸርጣንን የመሳሰሉ ጠንካራ ልባስ ያላቸው የባሕር እንስሳትና ቀንድ አውጣ ብላ ጽፋ ነበር። እኔም የሠርግ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ልጅ ይዤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በሩ ላይ የተቀበለን ሰው በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት፤ ካፖርት ተቀበለ፤ ሶን ወንዝ የሚታይበት መስኮት አጠገብ አስቀመጠን። ገና ከመቀመጣችን ሌላው አስተናጋጅ መጥቶ የማንበላቸውን ሦስቱን ነገሮች ወረቀት ሳያይ ደገመልን።

ምግብ ቤት ያለው ሰው ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚቆጥረው ሰው ነው። ጠረጴዛዎቹ እርስ በርስ የተራራቁ ስለነበሩ በአዳራሹ ውስጥ ከሠላሳ የማይበልጥ ተመጋቢ ነበር፤ የሚያስተናግዱት ግን ዘጠኝ ይሆናሉ። በመስታወት የሚታየው ወጥ ቤትም ከዚያ ያላነሰ ሰው ይዟል። እኛ ዘንድ በገበያ ቀን ሁለት ልጆች ሙሉ ቤት ያስተናግዳሉ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የተረዳሁት ገና ዳቦ ሳይቀርብ ነው። ጠረጴዛ ልብሱ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ በኋላ እንደገና ተተኩሷል፤ አንዲት እጥፋት አይታይበትም።

ሜኑው ተሰጠኝና ማንበብ ስጀምር ዋጋ የለበትም። ልጅቱ የያዘችው ዋጋ አለው። በእንዲህ ያሉ የቆዩ ቤቶች ለተጋባዥ ዋጋ የማይታይበት ሜኑ የመስጠት ልማድ አለ፤ የጋበዘው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። «ይህ ጥሩ አይደለም» ብላት «ጋሼ፣ ልክ ነው፤ ዋጋውን ቢያዩት ውኃ ብቻ ይጠጡ ነበር» ብላ ሳቀች። ውኃውን በተመለከተ ደግሞ፣ ከምግብ ጋር የቧንቧ ውኃ በጋን መሰል ጠርሙስ ያለ ክፍያ ማቅረብ በአገሩ ልማድም ሕግም ነው፤ ባለ ኮከብ ቤት ቢሆንም ያንኑ ጠየቀች፣ አስተናጋጁም ፊቱን ሳይለውጥ አመጣላት። አገር ቤት ሆቴል ገብቶ የቧንቧ ውኃ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ከማዘዛችን በፊት አፍ ማሟሻ የሚሆኑ ሦስት ትናንሽ ነገሮች ቀረቡ፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ጉርሻ ሢሶ ናቸው። ቀጥሎ ዳቦና ቅቤ መጣ። ቅቤው ክብ ሆኖ በድንጋይ ሳህን ላይ ነው፤ አስተናጋጁም ሲያስቀምጠው የብሬስ ቅቤ መሆኑን፣ እንደ ዶሮው ሁሉ ስሙ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ነገረን። ከዚያ አካባቢ ውጭ የተናጠ ቅቤ በዚያ ስም መሸጥ አይችልም። ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው፤ መጨረሻው ላይ የለውዝ ቃና አለው። ከሸኖ ለጋ ይበልጣል ለማለት ግን ምላሴ አልታዘዘልኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ይህኛው ማንነቱ ተጽፎለት ሲከበር፣ የእኛው ከጣሳው ጋር ፓሪስ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ምግብ በዚያ ወቅት የሚደርሰው ነጭ አስፓራገስ ነበር። አፈር እየተከመረበት ፀሐይ ሳያይ ስለሚያድግ ነጭ ይሆናል። አምስት ፍሬ፣ ቀጭን መረቅ፣ ጥቂት ቅጠል። ሞያው ይታያል፣ ጣዕሙ ግን ቀጠን ያለ ነው። ዋጋውን ኋላ ሳውቅ፣ ለአትክልት ይህን ያህል መክፈል ለእኔ አሁንም አልገባኝም።

ከዚያ ዶሮው መጣ። ሙሉውን፣ በከባድ የብረት ድስት ውስጥ እንዳለ፣ ክዳኑ ከፊታችን ተከፍቶ እንድናየው ተደረገና ወደ ጎን ጠረጴዛ ተወሰደ። የቆራጩን እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልኩ። ሹካውን ሥጋው ላይ አልሰካውም፤ ውኃው እንዳይፈስስ በሹካው ጀርባ ደግፎ ያዘው። ቢላውን በታፋውና በሆዱ መካከል አንሸራትቶ መገጣጠሚያውን አገኘ፤ አጥንት ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ጊዜም አልተሰማም። ባለቤቴ ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ እንዲሁ መገጣጠሚያ ፈልጋ እንጂ ሰብራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። እኛ ቆዳውን ገፍፈን እንጥላለን፤ በሎሚና በጨው ደጋግመን እናጥባለን። እነሱ ደግሞ አያጥቡም፣ ለቆዳውም ከሥጋው ይልቅ ይሳሱለታል። እንደ ወርቅ የበሰለውን ቆዳ ለእኔ የደረሰኝ ብልት ላይ አስተካክሎ ሲያስቀምጥ ክብር መስጠቱ መሆኑ ገባኝ።

በመጀመሪያው ዙር ፈረሰኛው መጣ፤ በክሬምና ሞሪል በሚባል የዱር እንጉዳይ በተሠራ መረቅ ተሸፍኗል። እንጉዳዩ እንደ ማር እንጀራ ጉድጓድ ጉድጓድ ስለሆነ መረቁን ውጦ ይይዘዋል። በርበሬ የለም፣ ሽንኩርትም ብዙ የለም፤ ዶሮው ራሱ ነው የሚጣፍጠው። በሁለተኛው ዙር ታፋው ከሰላጣ ጋር ቀረበ። እዚህ ላይ ነው የተደነቅሁት። እኛ ዘንድ የፈረንጅ ዶሮ ወጥ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል እየተባለ ይናቃል፤ የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንከር ስለሚል በዋጋም ይበልጣል። በፈረንጅ አገር ከሁሉ የሚከበረው ዶሮ ደግሞ ጥርስ የሚፈልግ፣ ልክ የእኛው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ታፋውን በቢላና በሹካ ስታገል አስተናጋጁ አይቶ ሎሚ ጣል የተደረገበት ለብ ያለ ውኃ በትንሽ ሳህን አመጣና በእጅ መብላት እንደሚቻል በእጁ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ምሳው ምሳ ሆነ። እጄን ለመታጠብ ተነሥቼ ስመለስ የአፍ መጥረጊያዬ ተለውጦ፣ እንደ አዲስ ታጥፎ ጠበቀኝ።

ፎርማጆ በባለ ጎማ ጠረጴዛ ተገፍቶ መጣ፤ ሃያ ዓይነት ይሆናል። እኔ ሁለት ቁራጭ ወሰድኩ፤ ልጅቱ አልፈለገችም። ጣፋጩ በሊዮን የታወቀው ሮዝ ቀለም ያለው የለውዝ ከረሜላ ኬክ ነበር፤ ለእኔ ስኳሩ በዛ።

ሒሳቡ በተዘጋ ማኅደር ለልጅቱ ቀረበ። የኤሌክትሮኒክ ማሽኑ ካርዷን እምቢ አለ፤ ደግማ ሞከረች፣ አሁንም እምቢ አለ። የሳምንቱ የወጪ ጣሪያ አልፎባት ኖሯል። አስተናጋጁ ምንም እንዳላየ ዞር ብሎ ሄዶ ሁለት ቡና ይዞ ተመለሰና «ጊዜ አለን» አለ። እሷ በስልኳ ከባንክ ጋር እስክትጨርስ ድረስ ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ቀረ፤ እኔም አነበብኩት። ዶሮው ለሁለት 160፣ አስፓራገሱ 38 በሁለት፣ ፎርማጆው 18፣ ጣፋጩ 22 በሁለት፣ የእኔ አንድ ብርጭቆ ወይን 16፣ ቀድሞ የጠጣነው ቡና 14፤ ድምሩ 328 ዩሮ። በብር ከ49 ሺህ ይበልጣል። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ገበያ ሙክት የገዛሁት በ16 ሺህ ነበር፤ ሦስት ሙክት በላን ማለት ነው። አስታራቂው ነገር፣ የተጻፈው ዋጋ ታክሱንም የአገልግሎቱንም ክፍያ የያዘ መሆኑ ነው። እንደ እኛ ትልልቅ ሆቴሎች አሥር በመቶ አገልግሎት፣ አሥራ አምስት በመቶ ታክስ ተብሎ መጨረሻ ላይ አይደመርም። በኋላ የመጣው ቡና አልተቆጠረም።

ከመውጣታችን በፊት ስለ ዶሮው ቀለበት ጠየቅሁ። አስተናጋጁ ወጥ ቤት ገብቶ ቀለበቱን በትንሽ ሳህን አምጥቶ አሳየኝ፤ የገበሬው ስምና መንደሩ ይነበባል።

ግንቦት 16፤ ብሬስ

የልጅቱ የሥራ ባልደረባ የብሬስ አካባቢ ተወላጅ ስለሆነች፣ ዶሮ የሚያረባ ዘመዷ ጋ ልትወስደን ቃል ገብታ ነበር። ከሊዮን ቡር ካን ብሬስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በመኪና ተቀበለችን። አገሩ ሜዳ፣ ሣሩ ረጅም፣ ማሳው በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ነው። በየማሳው ነጭ ዶሮዎች ተበትነዋል። ለእያንዳንዱ ዶሮ ቢያንስ አሥር ካሬ ሜትር ሣር እንዲደርሰው ግዴታ ነው። የሚቀለቡት የዚያው አካባቢ በቆሎ፣ ስንዴና ወተት ሲሆን ትልና ነፍሳቱን ራሳቸው ይለቅማሉ። ተራው ዶሮ አራት ወር ገደማ፣ እንቁላል ያልጣለች ቄብ አምስት ወር ገደማ ሳይሞላቸው አይታረዱም። ከመታረዳቸው በፊት ለተወሰነ ጊዜ በእንጨት ቆጥ ውስጥ ሆነው ይሰባሉ። የብሬስ ዶሮ ስም በሕግ የተጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

ገበሬው ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ጠላቶቹን ስጠይቀው ቀበሮና ጭልፊት አለኝ፤ እኔም በእኛ በኩል ጭልፊትና ሸለምጥማጥ እንደሆኑ በልጅቱ አስተርጓሚነት ነገርኩት። ላባው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበትን አንድ ዶሮ አሳየኝ። ጤነኛ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሣር ላይ ነው ያደገው፤ ነገር ግን ቀለበት አያገኝም፣ ለቤት ምሳ ይሆናል። ያ ዓይነቱ ዶሮ ነው የቀረበልንም። ሚስቱ በክሬም ብቻ ሠርታው፣ ሩዝ አድርጋ፣ በአንድ ትልቅ ሳህን መሐል ላይ አስቀመጠችው። ሥጋው ሐሙስ ዕለት ከበላነው አይለይም። መረቁ ያንኛው ይበልጣል፤ ድግሙን ግን ያለ ክፍያ የሚሰጡት እዚህ ነው። ከያዝኩት የደብረ ሲና ቆሎ አንድ ከረጢት ሰጠኋቸው፤ ገበሬው ገብሱን አንድ በአንድ እያየ በላና ከየት መንደር እንደመጣ ጠየቀኝ። ደብረ ሲና የተሸጠበት እንጂ የበቀለበት ቦታ አይደለምና ጥያቄውን ልመልስለት አልቻልኩም።

ከተመለስኩ በኋላ፤ ደብረ ብርሃን

ግንቦት 19 ቀን ቤቴ ገባሁ። የቅቤውን ነገር ለእህቴ ስነግራት የተናደደችው በሕጉ ሳይሆን ሦስት ኪሎ ቅቤ በመጣሉ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ተማክረን በምግብ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ከጥብሱ ሥር አንድ መስመር ጨመርን፦ በጉ ከየት እንደመጣ። አብዛኛውን ጊዜ የምንገዛው ከመሃል ሜዳ በሚያመጣ ነጋዴ ስለሆነ «የመንዝ በግ፣ መሃል ሜዳ» ይላል፤ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ያንን እንጽፋለን። ዋጋ አልጨመርንም፤ ይሁንና የመጀመሪያው ደንበኛ ሰሌዳውን አንብቦ «ስሙን ለማንበብ ስንት ይከፈላል?» አለ። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ጥያቄ አመጣ፤ ከመሃል ሜዳ መሆኑን በምን ያምናል? ልክ ነው፤ ቀለበት የለንም። ለጊዜው የምንሰጠው መልስ ነጋዴውን ደውለን ማገናኘት ነው፤ እሱም ስልኩን አያነሣም ማለት አይቻልም፣ ቅዳሜ በገበያ ሰዓት ካልሆነ በቀር።